በረዶው እስኪቀልጥ አልጠበቀም

ውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ትናንት በስልክ «አባ፣ ሙከራው ለሦስተኛ ጊዜም አልሆነም፤ ላብራቶሪውን ማየት አስጠልቶኛል» ስትዪኝ ዝም ያልኩት የምለው በስልክ የሚያልቅ ስላልነበረ ነው።

አንቺ እንግሊዛዊውን የሳይንስ ሊቅ ማይክል ፋራዳይን የምታውቂው በ1831 (እ.ኤ.አ.) ባገኘው ነገር፣ በማግኔት ኤሌክትሪክ ማመንጨት እንደሚቻል በማሳየቱ ነው። እኔ ግን የምወደው የሽምግልናውን ዘመን ነው። በእንግሊዝ የባሕር ዳርቻ ለመርከቦች ብርሃን የሚያሳዩትን የመብራት ማማዎች የሚያስተዳድረው ድርጅት፣ ትሪኒቲ ሃውስ፣ ከ1836 ጀምሮ አማካሪው አድርጎት ነበር። ያኔ በየማማው የሚነደው ዘይት ነው። ዘይት ሲነድ እንፋሎት ያወጣል፤ በብርድ ሌሊት እንፋሎቱ መስታወቱ ላይ ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል፣ ብርሃኑም ይደበዝዛል። ፋራዳይ ይህን ወደ ውጭ የሚያወጣ ጭስ ማውጫ ሠራለት። አያትሽ በየማታው የፋኖሱን ብርጭቆ ከጥላሸት ስትወለውል እያየሁ ስላደግሁ፣ ይህ ሥራ ትንሽ ሆኖ አይታየኝም።

በ1858 መጨረሻ ደግሞ ፍሬድሪክ ሆምስ የሚባል ፈልሳፊ በእንፋሎት ሞተር እየዞረ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ የማግኔት ማሽኑን በደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ ካለችው የወደብ ከተማ ከዶቨር አጠገብ፣ ሳውዝ ፎርላንድ ማማ ላይ ሞከረ። ብርሃኑ በሁለት የካርቦን ዘንጎች ጫፍ መካከል የሚፈጠር ነው፤ በያጅ ሲበይድ የምታዪው ዓይነት፣ ዓይን የሚያጠፋ ነጭ። ችግሩ ካርቦኑ እየነደደ ያልቃል። ጫፎቹ ትንሽ ከተራራቁ መብራቱ ድርግም ይላል። ስለዚህ ሌሊቱን ሙሉ ክፍተታቸውን የሚጠብቅ ነገር ያስፈልጋል።

ፋራዳይ ይህን በዓይኑ ሊያይ ፈለገ። በ1860 የካቲት፣ በ68 ዓመቱ፣ ሰኞ ዕለት ከለንደን ወደ ዶቨር ተነሣ። ከአሽፎርድ በኋላ ባቡሩ በረዶ ውስጥ ሊቀር ምንም አልቀረው። ያን ማታ ማማው ጋ አልደረሰም፤ በማግስቱም መንገዱ ተዘግቶ ስላገኘው ወደ ለንደን ተመለሰ። ዓርብ እንደገና ሄደ። በረዶው አሁንም አለ። በጨለማ አጥርና ግንብ እየዘለለ፣ እርሻ እያቋረጠ ደረሰና የሚጠይቀውን ጠየቀ፣ የሚያየውን አየ። በ1862 የኤሌክትሪክ መብራት ደንጀነስ ማማ ላይ ገባ።

እኔን ያቺ ዓርብ ናት የምትገርመኝ። ሰኞ ሞክሬ ነበር ብሎ ቢቀር ማን ይወቅሰው ነበር?

ሳውዝ ፎርላንድ ዛሬም ቆሟል፣ አንቺም ካለሽበት ሩቅ አይደለም። ቅዳሜ ሂጂና መንገዱን በእግርሽ ወጥተሽ እንዴት እንደሆነ ጻፊልኝ። ሰኞ ላብራቶሪ ስትገቢ ደግሞ ያገኘሽውን ቁጥር ላኪልኝ፤ የተበላሸውንም ቢሆን።

አባትሽ