ለዚያች ድንጋይ መልስ

ውድ ወዳጄ፣

እንዴት ከረምክ? ጤናህስ? ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጠፋሁብህ። ተቀይሜህ አይደለም፤ አንድም ቀን አልተቀየምኩህም። መጀመሪያ ሥራው ያዘኝ፣ ኋላ ደግሞ የቆየሁበት ጊዜ ራሱ እያሳፈረኝ ዛሬ ነገ ስል ቀረሁ። ይቅር በለኝ።

ዛሬ ብዕር ያስነሣችኝ ያቺ ድንጋይ ናት። ከወንዙ ዳር አንሥተህ የሰጠኸኝን ታስታውሳታለህ? ጥቁር ሆና ነጫጭ ፍሬ የተበተነባትን። «እነዚህን ትልልቅ ፍሬዎች ማን እዚህ ውስጥ ከተታቸው?» ብለኸኝ ነበር። እኔም «እንዲሁ ነው የተፈጠረችው» ብዬ አለፍኩት። አሁን መልሱ አለኝ።

ድንጋይ ሲቀልጥ አተሞቹ እንደ ልባቸው ይንቀሳቀሳሉ። ሲቀዘቅዝ ተራ ይዘው ይደረደሩና ክሪስታል ይሆናሉ፤ አንተ ፍሬ ያልከው እሱን ነው። ቅልጡ ከመሬት በታች በጥልቀት ከቀረ፣ ዙሪያውን ያለው ዐለት ሙቀቱን ስለሚይዝበት ለመቀዝቀዝ ሺህ፣ አንዳንዴም መቶ ሺህ ዓመታት ይፈጅበታል። ፍሬዎቹ በደንብ ያድጋሉ። ግራናይት እንዲህ ነው፤ ፍሬው በዓይን ይለያል። ላቫ ሆኖ ገጸ ምድር ላይ ከፈሰሰ ግን ቶሎ ይበርዳል። እልፍ ፍሬ ባንዴ ይጀምራል፣ አንዱም ሳያድግ ሁሉም ይረጋል። ባዛልት ልሙጥ የሚመስለው ለዚህ ነው። ባልጩት ደግሞ ጭራሽ ፍሬ የለውም። ቅልጡ ወፍራምና ዝልግልግ ስለሆነና ቶሎ ስለሚበርድ አተሞቹ ሳይደረደሩ ባሉበት ይደርቃሉ፤ መስታወት ይሆናል። የሚገርመው ባልጩትና ግራናይት ብዙ ጊዜ የተሠሩበት ነገር አንድ ዓይነት መሆኑ ነው።

ይህን በእጁ የሞከረው ጄምስ ሆል የሚባል ስኮትላንዳዊ ነው። በ1790ዎቹ መጨረሻ ባዛልት መሰል ድንጋይ በምድጃ አቀለጠ። በፍጥነት ሲያቀዘቅዘው መስታወት ሆነ። እንደገና አሙቆ ቀስ ብሎ ሲያበርደው ተመልሶ ድንጋይ ሆነ። ያኔ እዚያ ብሆን ብዬ ስንቴ ተመኝቻለሁ!

ያንተዋ ድንጋይ ሁለቱም ደርሶባታል። ነጮቹ ፌልድስፓር የሚባል ማዕድን ናቸው፤ ጥልቁ ውስጥ በዝግታ አደጉ። ከዚያ ቅልጡ ድንገት ወደ ላይ ወጣ። የቀረው ፈሳሽ ለማደግ ጊዜ ስላጣ ዙሪያቸውን ጥቁር ሆኖ ረጋ።

ሁሉም ድንጋይ ግን እንዲህ አይደለም። የአሸዋ ድንጋይ ፍሬዎች እዚያው አልተወለዱም፤ ከሌላ ዐለት ተፈርፍረው በውሃ ወይም በነፋስ የመጡ ናቸው። አሸዋ የምንለው ከ2 ሚሊሜትር እስከ 0.06 ሚሊሜትር ገደማ ያለውን ነው። ጠርዙ ስል ከሆነ ብዙ ጊዜ ከቅርብ መጥቷል ማለት ነው፤ ከተሞረደ ብዙ ተንከባልሏል። ኋላ በመካከላቸው የሰረገ ውሃ ሲሊካ የተባለ ማዕድን ወይም ኖራ እያስቀመጠ ያጣብቃቸዋል።

እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ሳይቀልጥ የሚለወጠው ነው። የኖራ ድንጋይ በሙቀት ሲበስል ትልልቁ ፍሬ ትንንሹን እየዋጠ ያድጋል፤ ዕብነ በረድ ይሆናል። ሦስት ፍሬዎች በሚገናኙበት ቦታ ብዙ ጊዜ እያንዳንዱ ማዕዘን ወደ 120 ዲግሪ ይጠጋል፤ ልክ እንደ ሳሙና አረፋ። ማይካ የተባለ ማዕድን ያለበት ድንጋይ ሲጨመቅ ደግሞ ቅጠል መሳይ ፍሬዎቹ ግፊቱን በጎናቸው ሳይሆን በገጻቸው እየተቀበሉ ይተኛሉ። ለዚያ ነው እንደ መጽሐፍ ገጽ የሚላጠው። በእንዲህ ያለ ዐለት ውስጥ የሚያድግ ጋርኔት የተባለ ማዕድን አለ፤ ዙሪያው ሲንሸራተት እየተሽከረከረ ያድጋል። የዋጣቸው ትንንሽ ፍሬዎች ሆዱ ውስጥ እንደ ቀንድ አውጣ ዛጎል ተጠምዝዘው ይቀራሉ። መጀመሪያ ያየሁት ቀን ከማይክሮስኮፑ መነሣት አቅቶኝ ነበር።

አንድ የምነግርህ አለ። ድንጋይህን ለሁለት አስቆረጥኳት። ከአንዱ ላይ ስስ ቅጠል አውጥተው 0.03 ሚሊሜትር እስክትሆን አሳሱልኝ። በዚያ ልክ ብርሃን ያልፍባታል። ነጮቹ ፍሬዎች ውስጥ ቀለበት በቀለበት አለ፤ እንደ ዛፍ ግንድ። ቅልጡ በተለወጠ ቁጥር አንድ ቀለበት ጨምረዋል። አንደኛው ጠርዙ ተበልቶ ክብ ከሆነ በኋላ እንደገና ማደግ ጀምሯል። መሐል ላይ የሆነ ነገር መልሶ አሙቆት ይሆናል።

ሌላኛው ግማሽ ያንተ ነው፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሃለሁ። የተቆረጠውን ፊት በውሃ አርጥብና በማጉያ መነጽር እየው። ከዚያ ያልተቆረጠውን ጎን ፀሐይ ላይ እያዘነበልክ አዙረው፤ የሆነ ቦታ ላይ ነጩ ፍሬ ብልጭ ይልብሃል። ስንቱ እንዳበራ ቆጥረህ ጻፍልኝ።

የማይረሳህ ወዳጅህ