ይድረስ ለልጄ፦ ባዝ ስላሉት ሰዎችሽ

ውድ ልጄ ሆይ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽልኝ? እኔና አባትሽ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከእንግሊዝ አገር በደኅና ተመልሰናል። በስልክ «ጉዞው እንዴት ነበር?» ብለሽ ስትጠይቂኝ የመንገዱ ድካም ስላልወጣልኝ «ጥሩ ነበር» ብዬ አለፍኩት፤ ሆኖም በተወለድሽበት ከተማ ያየሁትንና የሰማሁትን በአንዲት ቃል መተው ስላልሆነልኝ፣ ረጋ ብዬ ልጽፍልሽ ተቀመጥኩ። ባዝን ለቀን ስንወጣ ገና ሕፃን ነበርሽ፤ እዚያ ማን እንዳሳደገሽ ከእኔ ካልሰማሽ ከማንም አትሰሚም።

ከለንደን ፓዲንግተን ጣቢያ የተሳፈርንበት ባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ከተጓዘ በኋላ ከተማው በኮረብቶቹ መካከል ብቅ ሲል፣ አባትሽ ከመቀመጫው ተነሥቶ በመስኮት ይመለከት ጀመር። ቤቶቹ ዛሬም ማር በሚመስለው በዚያው በአካባቢው በሃ ድንጋይ የተሠሩ ናቸው። በታላቁ ቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊት የተቀረጹት መላእክት ዛሬም በድንጋይ መሰላሎቻቸው ላይ ናቸው፤ ሱቆች በግራና በቀኝ በተደረደሩበት በፐልትኒ ድልድይ ስናልፍም፣ ጋሪሽን አቁሜ ከታች የሚወርደውን የኤቨን ወንዝ ውኃ አሳይሽ የነበረበትን ጥግ ሳልፈልገው አገኘሁት። ይህን ሁሉ በፎቶግራፍ ታዪዋለሽና አላበዛብሽም።

ከሁሉ አስቀድመን የሄድነው ወደ እማማ ቤት ነው። እኔ በሆስፒታል የሌሊት ተረኛ በሆንኩበት፣ አባትሽም የዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን ለመጨረስ ሌሊቱን በጥናት በሚያነጋበት ጊዜ፣ አንቺን ከጎናቸው አስተኝተው የሚያድሩት እኚህ ጎረቤታችን ነበሩ። በስማቸው መጥራት ድፍረት ስለመሰለኝ በአገራችን ወግ «እማማ» አልኳቸው፤ እሳቸውም ወደውት፣ እስከ ዛሬ በየዓመቱ ለገና በሚልኩልን ካርድ ላይ በራሳቸው ፊደል «እማማ» ብለው ነው የሚፈርሙት። አሁን ዕድሜያቸው ወደ ዘጠና ተጠግቷል። ደረጃ መውጣት ስላቃታቸው አልጋቸው ወደ ሳሎን ወርዷል፤ ጆሯቸው ከብዷል፣ ዓይናቸውም ደክሟል። የምትረዳቸው ልጅ ማን እንደሆንን ጮኽ ብላ ስትነግራቸው፣ ገና ሳንቀመጥ የጠየቁን ስለ አንቺ ነው።

ሻዩን እኔ ልቅዳ ብላቸው እምቢ አሉኝ። በሱፍ ሹራብ የተሸፈነውን በራድ በሁለት እጃቸው አነሡና፣ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ፣ እንደ ድሯቸው ወተቱን አስቀድመው በጨመሩባቸው ስኒዎች ላይ አንዲት ጠብታ ሳያፈሱ ቀዱልን። ከዚያም በራዱን አስቀምጠው፣ በባዶ ክንዳቸው ሕፃን የያዙ ይመስል ግራና ቀኝ እየተወዛወዙ «እሹሩሩ» ይሉ ጀመር። ለአንቺ ሳንጎራጉር ሰምተው የያዙት ነው፤ ዜማውን ፈጽሞ አልሳቱትም፤ ግጥሙ ግን ግማሹ አማርኛ፣ ግማሹ የራሳቸው ነበር። አባትሽ መቋቋም አቅቶት ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

የሌሊት ተራ ጓደኛዬንም አገኘኋት። ከጃማይካ በወጣትነቷ መጥታ ዕድሜዋን በነርስነት የፈጸመች ሴት ናት፤ ዛሬ በጡረታ ላይ ሆና ጃንሆይ እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1940 በስደት በኖሩበት በፌርፊልድ ሃውስ ከሚሰበሰቡት አረጋውያን ጋር ትውላለች። እኛ እዚያ በነበርንበት ዘመን አባትሽና ጓደኞቹ ስለ ንጉሡ ሲከራከሩ ያመሹ ስለነበር፣ ወደዚያ ቤት ለመሄድ ማንም አላሰበም፤ አሁን በእሷ እጅ ተይዤ ገባሁበት። ንጉሠ ነገሥቱ እ.ኤ.አ. በ1958 ይህን ቤት ለባዝ ከተማ ሲሰጡ ለአረጋውያን መጠቀሚያ እንዲሆን ነበር፤ ከካሪቢያን ደሴቶች የመጡት ሽማግሌዎችና አሮጊቶች በዚያ ምሳቸውን እየበሉ ሲሳሳቁ ሳይ፣ በስደት የተጠለለ ሰው ላስጠለለው ከተማ ከዚህ የተሻለ ምን ሊሰጥ ይችል ነበር ብዬ አሰብኩ። ጓደኛዬ እኔን ለሁሉም ስታስተዋውቅ «ይህ የአገሯ ሰው ቤት ነው» እያለች ነበር፤ አባትሽም ያለ ክርክር ሰማት።

ሁሉንም ግን አላገኘናቸውም። ከላያችን ይኖሩ የነበሩት ባልና ሚስት አርፈዋል፤ አባትሽን በእንግሊዝኛ ጽሑፉ ይረዳው የነበረው የክፍል ጓደኛው ወደ ሌላ አገር ሄዷል፤ እኔ እጅግ የምወደው የጨርቅ ሱቅም ተዘግቷል።

አንድ ነገር ግን ለእኛ አዲስ ነበር። እቴጌ ጣይቱ በፍል ውኃ ዳር በቆረቆሯት ከተማ ያደግሁ ሰው፣ ከምድር 46 ዲግሪ ያህል ሞቆ በሚወጣ ፍል ውኃ አጠገብ ለዓመታት ኖሬ ሳልታጠብበት መቅረቴ ሁልጊዜ ይቆጨኝ ነበር። መታጠቢያዎቹ ለጤና አስጊ ሆነው እ.ኤ.አ. በ1978 ስለተዘጉ፣ በእኛ ጊዜ የሮማውያኑን ገንዳ ከዳር ቆሞ ከማየት በቀር ሌላ አልነበረም። አዲሱ መታጠቢያ እ.ኤ.አ. በ2006 ስለተከፈተ በዚህ ጉዟችን ገባንበት። አባትሽ ሁለት ጉልበቱን ነክሮ ጣሪያው ላይ ባለው ገንዳ ውስጥ እስኪመሽ ተቀመጠ፤ ወጥተን እንድንሄድ ለመንኩት።

አሁን ወደ ልመናዬ ልምጣ። እማማ ስልክ አይሰሙምና አትደውዪላቸው፤ ጻፊላቸው። በኮምፒውተር ሳይሆን በእጅሽ፣ ወፈር ባለ ብዕር፣ ፊደሉን ትልልቅ አድርገሽ ጻፊ፤ ረዳታቸው ልታነብላቸው ብትችልም እሳቸው ራሳቸው ማንበብ ይወዳሉ። የልጆችሽን ፎቶግራፍ ጨምሪበት፣ በጀርባው ላይም ስማቸውን ጻፊ። የመሥሪያ ቤትሽ ፈቃድ የሚፈቅድልሽ ከሆነም በዚህ ክረምት ልጆቹን ይዘሽ ሂጂ፤ የአውሮፕላኑን ወጪ በከፊል እኛ እንሸፍናለን፤ በዚህ ተመካክረን ጨርሰናል። አድራሻቸውን በዚሁ ፖስታ ውስጥ በሌላ ወረቀት ጽፌልሻለሁ።

አባትሽ ሰላም ብሎሻል።

እናትሽ