አምስት ጎራሹና ስድስት ጎራሹ አንድ አይደሉም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ባለፈው እትማችሁ ስለ አሮጌ አጭር አፈሙዝ ሪቮልቨሮች፣ ማለትም ጥይታቸውን በሚዞር ከበሮ ስለሚጎርሱ ሽጉጦች፣ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በደስታ አንብቤዋለሁ። ይሁን እንጂ የኮልት ኩባንያ ያመረተው ዲቴክቲቭ ስፔሻልና የስሚዝ ኤንድ ዌሰኑ ቺፍስ ስፔሻል ከስማቸው በቀር ልዩነት እንደሌላቸው ተደርጎ መቅረቡ፣ ይልቁንም ከጽሑፉ ጋር በታተመው ፎቶግራፍ ሥር የሰፈረው መግለጫ፣ እርማት የሚያሻው ሆኖ ስላገኘሁት ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ።

ፎቶግራፉ የጥይት ከበሮው ወደ ጎን ተከፍቶ የሚታይ ሽጉጥ ያሳያል፤ ከሥሩም «ዲቴክቲቭ ስፔሻል» ይላል። ማንም አንባቢ ቆጥሮ ሊያረጋግጠው እንደሚችለው ግን በከበሮው ላይ ያሉት የጥይት ቀዳዳዎች አምስት ናቸው። ዲቴክቲቭ ስፔሻል እ.ኤ.አ. በ1927 ለገበያ ከዋለበት ጊዜ አንሥቶ ስድስት ጎራሽ ነው። አምስት ጎራሹ በ1950 የወጣው ቺፍስ ስፔሻል ነው፤ ይህም በኋላ፣ በ1957፣ ኩባንያው ለሽጉጦቹ ቁጥር መስጠት ሲጀምር ሞዴል 36 የተባለው ነው።

የአንዲቱ ጥይት ልዩነት ከሁለቱ ሽጉጦች አወላለድ የመጣ ነው። ኮልት አስቀድሞም 38 ስፔሻል የተባለውን ጥይት ስድስት አድርጎ የሚጎርስ ፖሊስ ፖዚቲቭ ስፔሻል የሚባል ሽጉጥ ስለነበረው፣ አፈሙዙን ወደ ሁለት ኢንች ማሳጠር ብዙ አላስቸገረውም። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን በበኩሉ በእጁ የነበረው ትንሽ የሽጉጥ አካል፣ በ1936 ቴሪየር የተባለው ሞዴል የተሠራበት፣ ለአጭርና ለደካማ ጥይት የታሰበ ነበር። ስለዚህ አካሉንና ከበሮውን አስረዝሞ ለ38 ስፔሻል እንዲበቃ አደረገው፤ ቀጭንነቱን ለመጠበቅ ሲል ግን በአምስት ጥይት ረካ። የከበሮዎቹ ውፍረት ልዩነት ከሦስት ሚሊ ሜትር የማይበልጥ መሆኑን ሲያዩ ለዚህች ታህል ብሎ አንድ ጥይት መተው የሚያስገርማቸው አሉ፤ ሽጉጡ የታሰበው በኪስ ለመያዝ መሆኑን ላስታወሰ ግን ትንሽ አይደለችም።

ከበሮው ባይከፈትና ቀዳዳዎቹን መቁጠር ባይቻል እንኳ ሌላ አስተማማኝ ምልክት አለ። የሁለቱም ከበሮ የሚከፈተው ወደ ግራ ነው። በተኳሹ በኩል ሆኖ ለተመለከተው የኮልቱ ከበሮ በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ ስለሚዞር፣ ምላጩ በተሳበ ቁጥር ራሱን ወደ ሽጉጡ አካል ያስጠጋል። የስሚዝ ኤንድ ዌሰኑ የሚዞረው በተቃራኒው ስለሆነ ግፊቱ ወደ ውጭ ነው፤ በመሆኑም ባዶ ቀለህ የሚያስወጣው ዘንግ ጫፍ ከአፈሙዙ ሥር ባለች ጉጥ እንዲያዝ ተደርጓል። በቀደሙት ዲቴክቲቭ ስፔሻሎች ላይ ይህች ጉጥ የለችም፤ ዘንጉ ራቁቱን ይታያል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ኮልት ዘንጉን በሽፋን ከለለው፤ በዚያ ዘመን ሥሪት ላይ ምልክቱ ይህ ሽፋን ራሱ ነው። የከበሮው መክፈቻም ቢሆን በኮልት ወደ ኋላ ይሳባል፣ በስሚዝ ኤንድ ዌሰን ወደ ፊት ይገፋል።

የትኛው ይሻላል ለሚለው ጥያቄ ጽሑፋችሁ መልስ ሳይሰጥ ማለፉን አልነቅፍም። እኔ በበኩሌ የኮልቱን የምላጭ አሳሳብ እመርጣለሁ፤ ነገር ግን ውስጡ በጠፍጣፋ ሞላ የሚሠራና ሲያረጅ በሠለጠነ እጅ መስተካከል የሚፈልግ መሆኑን መደበቅ አልችልም። የቺፍስ ስፔሻል ጥቅል ሞላ ከዚህ ይልቅ ቀላል ነው።

ሌላው ስሕተት ይበልጥ ከባድ ነው። ጃክ ሩቢ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 24 ቀን 1963 በዳላስ፣ ፕሬዚዳንት ኬኔዲን በመግደል የተከሰሰውን ሊ ሃርቪ ኦስዋልድን የገደለበት ሽጉጥ ዲቴክቲቭ ስፔሻል እንደሆነ ጽፋችኋል። ሽጉጡ ኮልት ኮብራ ነበር። መሳሳቱ ይቅር የሚባል ነው፤ ምክንያቱም ኮብራ በ1950 የወጣው የዲቴክቲቭ ስፔሻልን ቅርጽና ስድስት ጎራሽነት እንደያዘ አካሉ ብቻ ከአሉሚኒየም ቅይጥ ተሠርቶ ነው። ሁለቱ በእጅ ሲያዙ ግን አይምታቱም፤ የአረብ ብረቱ ዲቴክቲቭ ስፔሻል 600 ግራም ገደማ ሲመዝን ኮብራ 430 ግራም ያህል ነው። በፎቶግራፍ ለመለየት ደግሞ በአፈሙዙ ግራ ጎን የተቀረጸውን ስም ማንበብ ይገባል።

በሚቀጥለው እትማችሁ የፎቶግራፉ መግለጫ ወደ «ቺፍስ ስፔሻል»፣ የሩቢ ሽጉጥ ስምም ወደ «ኮብራ» እንዲታረም በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንድ አንባቢያችሁ