እማዬ፣ ጀልባ ያልኩሽን እርሺው

ታውንስቪል፣ አውስትራሊያ
ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ እናቴና ለአባባ፣ ድሬዳዋ ከዚራ

ለጤናችሁ እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

እማዬ፣ ወንድሜ ደውሎ የነገረኝን ስሰማ ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ። «ልጄ ለእንጀራዋ ብላ በየቀኑ ባሕር በጀልባ ታቋርጣለች» ብለሽ ለቁልቢ ገብርኤል ዣንጥላ ተስለሻል አሉ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ድሬዳዋ ለተቀመጠች እናት «ጀልባ» የሚለው ቃል ምን እንደሚያመጣባት እያወቅሁ በስልክ ዝም ብዬ ወረወርኩት። ከጅቡቲዋ ወደብ ከኦቦክ ተነሥተው ወደ የመን ሊሻገሩ የወጡትን የሰፈራችንን ልጆች፣ ሬሳቸው ሳይገኝ የተለቀሰላቸውንም፣ መቼ ረሳሁ። ለቅሶው ቤት ንፍሮ ተሸክመሽ ስትሄዲ አብሬሽ የሄድኩት እኔ ነበርኩ። ጀልባ ያልኩት ያንን አይደለም። መርከብ በይው።

የምኖረው ታውንስቪል ነው፤ አልጋ የማነጥፍበት ሆቴል ያለው ደግሞ ማዶ፣ ማግኔቲክ አይላንድ በምትባል ደሴት ላይ ነው። በመሀል ያለው ባሕር 8 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ወደ ሐረር የሚሄድ ሚኒባስ የደንገጎን ዳገት ሳይጨርስ እኛ ተሻግረን ወርደናል። ሃያ ደቂቃ፣ ቢበዛ ሃያ አምስት። አንቺ የደንገጎን ጠመዝማዛ እንቅልፍ እየወሰደሽ የምታልፊ ሴት ይህን መፍራትሽ ያስገርመኛል።

አባባ፣ አንተ የምድር ባቡር ሰው የምትጠይቀውን አውቃለሁ፤ መርከቧ ሰዓት ታከብራለች ወይ? ታከብራለች። ጠዋት 12 ሰዓት ከ30 ላይ ገመዷ ይፈታል፤ ሮጦ የመጣ ሰው እንኳ ቢኖር አትጠብቅም። ከታች ስትታይ ጎን ለጎን የተጣበቁ ሁለት ቀጫጭን መርከቦች ትመስላለች፤ እንዲህ ያለውን ካታማራን ይሉታል፤ ወዲያና ወዲህ ብዙ የማትንገላታው ለዚያ ነው። መኪና የሚጭነው ሌላ ነው፤ እሱ ዘገምተኛ ነው፣ አርባ ደቂቃ ይፈጅበታል። በደሴቷ ወደብ ስንደርስ አንድ ጎረምሳ ወፍራሙን ገመድ ወርውሮ የብረቱ ምሰሶ ላይ ሁለት ጊዜ ይጠመጥመዋል፤ አንድም ቀን ሲስት አላየሁትም። ምድር ባቡር ቢሆን ትቀጥረው ነበር።

ተሳፋሪውን ብታየው ደግሞ የድሮው የጅቡቲ ባቡር ትዝ ይልሃል። ደሴቷ ላይ ያለው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ብቻ ስለሆነ ከፍ ያሉት ተማሪዎች በየቀኑ ወደ ከተማው ይሻገራሉ። ማታ ስመለስ የደሴቷ ወደብ ላይ እንገናኛለን፤ እነሱ ወደ ቤታቸው ሲወርዱ እኔ ወደ ቤቴ እሳፈራለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሰው ከከተማ ሸምቶ ይመለሳል፤ ሩዝ፣ ፍራሽ፣ የውሻ ምግብ። የድንበሩን ጣቢያ ደወሌን ሲያልፉ የኮንትሮባንድ ጨርቅ ወገባቸው ላይ ጠምጥመው የሚመጡትን፣ አንተም እያየህ እንዳላየህ የምታልፋቸውን ሴቶች አስታውሳለሁ። እዚህ የሚደብቅ የለም፤ ለዚያ ነው መሰለኝ ጨዋታውም ያነሰው።

የደሴቷ ስም የመጣው በ1770 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በዚህ ያለፈው እንግሊዛዊ መርከበኛ ካፒቴን ኩክ ኮምፓሴን አሳተችብኝ ብሎ ስላሰበ ነው። ከዚያ ወዲህ ማግኔቱን ያገኘ የለም። የአገሩ ነባር ሰዎች ዩንቤነን ይሏታል። የሚጠጣው ውኃ ከከተማው በባሕር ሥር በተዘረጋ ቧንቧ ነው የሚሄደው። ይህን ስሰማ፣ ውኃ የተከበበ ሰው ውኃ ከማዶ ያስመጣል እንዴ ብዬ አባባን አሰብኩ።

እማዬ፣ አንቺ የምትፈሪው ኦቦክን ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ውኃ ማለት ለአንቺ የከተማችን ወንዝ ደቻቱ ነው። ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ሆኖ ይከርምና፣ ከተራራው ዝናብ ጋር ሰው በተኛበት ይመጣል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ በዚያች ሌሊት ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። ይህኛው ባሕር ግን ትናንት የነበረበት ቦታ ዛሬም አለ፤ ሊቆጣ ሲል ደግሞ ሜትሮሎጂው ከቀናት በፊት ይናገራል፣ መርከቡም ይቆማል። የሚያስፈራው ሌላ ነው። ከኅዳር ጀምሮ ባሕሩ ውስጥ እንደ ነጭ ላስቲክ አሳልፎ የሚታይ፣ ጅራቱ እንደ ክር የረዘመ ፍጥረት ይመጣል፤ የነካውን ሰው ሊገድል ይችላል። ስለዚህ በባሕሩ ዳር እንጨት ተተክሎ የኮምጣጤ ጠርሙስ ይንጠለጠልበታል፤ የተነደፈ ሰው ይደፋበታል። መጀመሪያ ሳየው ሰላጣ የሚሸጡ መስሎኝ ነበር። አትስጊ፣ እኔ እግሬን እንኳ አልነክርም።

እስካሁን የጻፍኩት ሁሉ እውነት ነው። አንድ ነገር ግን ደብቄሻለሁ።

ባለፈው ጥር ኪሪሊ የሚባል ሳይክሎን፣ ከባሕር የሚነሣ ከባድ አውሎ ነፋስ፣ ወደ ታውንስቪል እየመጣ ነበር። አንድ ቀን ሲቀረው ከሥራ እየተመለስኩ ነው። መስኮቱን ማዕበሉ ጠራርጎ ሲመታው ማዶ የሚታየው ቀይ ተራራ ጠፋ። ቀጥሎ የመርከቧ አፍንጫ ወደ ላይ ተነሣ፣ ወዲያው ወረደ፤ ሆዴም አብሮ ወረደ። አንዲት ሠራተኛ ሳትቸኩል እየዞረች የወረቀት ከረጢት ታድላለች። ከፊት ለፊቴ የተቀመጠው ትልቅ ሰውዬ ከረጢቱን ሳይከፍት አስታወከ። ሌሎቹ ተሳፋሪዎች ስልካቸውን ይነካካሉ። እኔ የወንበሩን ብረት ጨብጬ፣ በአማርኛ፣ ጮክ ብዬ፣ «ቁልቢ ገብርኤል አሻግረኝ፣ ዣንጥላ አመጣለሁ» አልኩ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ከዚያ ከወረድኩ በኋላ አፍሬ ለማንም አልተናገርኩም፤ ለአንቺም ጭምር። አሁን ያንቺን ስለት ስሰማ ግን ያለፈ ዓመት ዕዳዬ ትዝ አለኝ።

ስለዚህ ገንዘቡን ማክሰኞ በባንክ ልኬአለሁ። ለታኅሣሥ 19 ሁለት ዣንጥላ ግዙ። ያንቺን አንቺ ያዢ፣ የእኔን አባባ ይያዝልኝ፤ ባለ ወርቃማ ዘርፍ ይሁን፣ ርካሹን አትምረጡ። መንገዱ ሳይጨናነቅ ከዋዜማው በፊት ውጡ፤ አባባን ጉልበቱን ስለሚያመው ዳገቱን ቀስ ብላችሁ ነው።

ናፋቂ ልጃችሁ