እማዬ፣ ሶባው እንዲህ ነው የሚሠራው

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

እማዬ እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እዚህ ቶኪዮ ብርዱ ገብቷል። ጋቢዬን ደርቤ ነው የምጽፍልሽ።

በደወልኩ ቁጥር «በጾሙ ምን እየበላሽ ነው?» ትይኛለሽ። ዘንድሮ መልሱን በሻንጣ ልኬልሻለሁ። ዕቃውን የምታደርስልሽ ልጅ በታኅሣሥ መጀመሪያ ትገባለች። ግራጫው፣ ቀጭኑ ፓስታ ሶባ ነው። ጥቁሩ ጠፍጣፋ ነገር ኮምቡ የሚባል የባሕር ተክል ነው። በላስቲክ የታሰረው ደግሞ ሺታኬ፣ ደረቅ እንጉዳይ። «የጅብ ጥላ ነው» ብለሽ እንዳትጥይው አደራ።

ፓስታው የሚሠራው ሶባ ከሚባል እህል ነው ስልሽ ሐሳብሽ ወደ ስንዴ መሄዱ አይቀርም። የእጽዋት ሰዎች ግን የሚመድቡት ከመቅመቆ ጋር ነው። ፍሬው ሦስት ማዕዘን አለው፣ ቅርፊቱ ጠቆር ያለ ነው። ዱቄቱ ብቻውን ሲታሽ አልያያዝ ስለሚል ብዙዎቹ ስንዴ ያክሉበታል። የታወቀው ልክ ስምንት እጅ ሶባ፣ ሁለት እጅ ስንዴ ነው። ርካሹ ላይ ግን ስንዴው ይበልጣል። ማሸጊያው ላይ የሚጻፈው በብዛቱ ቅደም ተከተል ስለሆነ፣ መጀመሪያ የተጻፈውን አይቼ ነው የምገዛው። አንቺ ጤፍ ስትገዢ እፍኝ ዘግነሽ እንደምታገላብጪው መሆኑ ነው።

እዚህ ሶባ ቤት የሌለበት ባቡር ጣቢያ ማግኘት ይከብዳል። ሰው ቆሞ በልቶ ይሄዳል። ለጾም ግን አይሆንም። ከላይ አትክልት ብቻ ቢታይም መረቁ የዓሣ ነው። ካትሱኦቡሺ ይሉታል፤ በጭስ የደረቀ ዓሣ ነው፣ ከመጠንከሩ የተነሣ በመላጊያ ነው የሚላገው። በጠርሙስ የሚሸጠው የተዘጋጀ መረቅም አብዛኛው ዓሣ አለበት። «ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም» የሚለውን ጭቅጭቅ ደግሞ እንደማትወጂ አውቃለሁ። ስለዚህ ቤቴ እሠራለሁ። መላው ያለው እዚሁ ጃፓኖቹ ዘንድ ነው። የቡድሃ መነኮሳት በገዳማቸው ሥጋም ዓሣም ስለማይበሉ፣ መረቃቸውን የሚያወጡት ከኮምቡና ከሺታኬ ነው።

ግጥምጥሞሹን ደግሞ እዪልኝ። ጃፓኖች ሶባ ሳይበሉ የማያድሩበት ማታ የፈረንጆቹ ዓመት የሚያልቅበት፣ ዲሴምበር 31 ነው። በእኛ ታኅሣሥ 22፣ በጾመ ነቢያት መሀል! ሶባ ቶሎ ስለሚበጠስ የዓመቱን መከራ አብሮ ይበጥሳል ይላሉ። ረጅም ስለሆነ ዕድሜ ያረዝማል የሚሉም አሉ። ይኼኛው ላንቺ ይሁንልኝ።

እንግዲህ ወደ ሥራው። ለሁለት ሰው ነው። ማታ አንድ ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ መዳፍሽን የሚያክል ኮምቡና አራት ሺታኬ ነክረሽ አሳድሪ። ኮምቡው ላይ ነጭ ብናኝ ታያለሽ። ሻጋታ እንዳይመስልሽ፣ እንዳታጥቢውም። ጣዕሙ እሱ ላይ ነው። ጠዋት በቀስታ እሳት ጣጂው። ከድስቱ ዳር ዳር ትንንሽ አረፋ ብቅ ብቅ ሲል ኮምቡውን አውጪ። ከፈላ መረቁ ይዝለገለጋል። እንጉዳዩ እዚያው 10 ደቂቃ ያህል ይንተክተክ።

ከዚያ ሶያ ሶስ። ሱፐርማርኬት አለ። እኔ አንድ የቡና ሲኒ ሶስና አንድ ማንኪያ ስኳር ነው የማደርገው። አንቺ ደም ግፊት አለብሽና በግማሽ ሲኒ ይበቃሻል። ቀለሙ ፈዘዝ ያለውን «ጨው የለውም» ብለሽ እንዳትገዢ። ጨው የሚበዛበት እሱ ነው።

ሶባው ሲቀቀል ጨው የለም፣ ዘይትም የለም። ፓስታ ላይ ዘይት ጠብ ሳታደርጊ እንደማያስችልሽ ስለማውቅ ነው ይህን የምልሽ። ሁለት ሊትር ውኃ በደንብ ሲፈላ 200 ግራሙን ጨምሪ። መገንፈል ይወዳልና አጠገቡ ቁሚ። ማሸጊያው 5 ደቂቃ ይላል፣ አትመኚው። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር ስለሚበልጥ ውኃ የሚፈላው ወደ 92 ዲግሪ ላይ ነው። ቶኪዮ 100 ነው። ስለዚህ እናንተ ጋ ይዘገያል። አምስቱ ደቂቃ ሲሞላ አንዷን ዘለላ አውጥተሽ ቅመሺ፣ ከዚያም ቶሎ ቶሎ ቅመሺ። ሳይልፈሰፈስ አውጪው።

ቀጥሎ ያለው ሳያስቅሽ አይቀርም። ትኩሱን ሶባ በቀዝቃዛ ውኃ ማጠብ ነው። እጅሽ ላይ የሚያዳልጠው ነገር እስኪለቅ ድረስ እሺው። ይህን ካልሠራሽ ሶባው ይጣበቃል፣ መረቁም ይወፍራል። ከዚያ ሙቅ ውኃ ውስጥ ነከር አድርገሽ ጎድጓዳ ሳህን ላይ አውጪና ትኩሱን መረቅ አፍስሺበት። የቀቀልሽበትን ውኃ አትድፊው። እዚህ ሰው በልቶ ሲጨርስ የተረፈውን መረቅ በሱ አቅጥኖ ይጠጣዋል።

ከላይ የተቀቀለ ቆስጣ፣ በቀጭኑ የተከተፈ ባሮ ሽንኩርት፣ እንጉዳዩንም ቆራርጠሽ። እነሱ ሰባት ዓይነት ቅመም ያለው በርበሬ ይነሰንሱበታል። እኔ ሚጥሚጣ ነው የማደርገው፤ ካትሱሺካ ከሚባለው የቶኪዮ ሰፈር ከሚኖሩት ሐበሾች አላጣም።

አንድ ነገር ግን በጥብቅ። ሶባ የማይስማማው ሰው አለ፣ አለርጂው ደግሞ ከባድ ነው። እዚህ የታሸገ ምግብ ውስጥ ሶባ ካለ መጻፍ ግዴታ ነው። አንቺም ልጆቹም መጀመሪያ ትንሽ ብቻ ቅመሱና ጠብቁ። ከንፈር ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ቀልድ የለም፣ በቀጥታ ሐኪም ቤት።

አበላሉ? ድምፅ እያሰሙ መሳብ ነው። እዚህ ነውር አይደለም። እኔ ግን ሾርባ ስጠጣ የቆነጠጥሽኝ ትዝ እያለኝ እስከ ዛሬ በዝምታ ነው የምበላው። ጎረቤቴ ያሉት አሮጊት ሶባቸው ያልጣመኝ መስሏቸው ተጨንቀው ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ ስትመለሺ እደውላለሁ። ስንት ደቂቃ እንደፈጀብሽ ንገሪኝ። ደብረ ብርሃን ላለችው አክስቴም ልልክላት ነው። የሷ አገር ከፍታው ይብሳልና ካንቺ ላይ ጨመር አድርጌ እጽፍላታለሁ።

ልጅሽ
ከቶኪዮ