ለአባባ፦ ማታ ማታ ስለማያቸው ፊልሞች

ለውድ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? እኔም ልጆቹም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ባለፈው ስልክ ላይ «ልጆቹ ከተኙ በኋላ ማታ ማታ ምን ታያለሽ?» ብለው ጠይቀውኝ፣ ገና ስጀምር መስመሩ ተቋረጠ። ይሁን፣ እንዲህ ያለ ወሬ በደብዳቤ ነው የሚያምረው። ወደዚያ የሚሄድ ሰው ስላገኘሁ ከግፊት መድኃኒትዎ ጋር ልኬዋለሁ። ቴሌቪዥኑ ላይ የሚሰካ ትንሽ ዕቃም አብሮ አለ፤ የእህቴ ልጅ ከዋይፋዩ ጋር ያገናኝልዎታል። የትኛው ፊልም የት እንደሚገኝ ለእሱ በቴሌግራም ጽፌለታለሁ። የትኛው ጊዜዎን እንደሚያወጣና የትኛው እንደማያወጣ ግን እኔው ልንገርዎት ብዬ ነው።

ከሁሉ በፊት የቦይንጉ። «ዳውንፎል» ይባላል፤ የሠራችው ሮሪ ኬኔዲ ናት፣ የተገደለው የሮበርት ኬኔዲ የመጨረሻ ልጅ። የወጣው የካቲት 2014 ላይ ቢሆንም እኔ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ስሸሸው ነው የኖርኩት። ምክንያቱን የአውሮፕላን መካኒክ የነበሩት እርስዎ ያውቃሉ። መጋቢት 1 ቀን 2011፣ ያን እሑድ ጠዋት፣ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የአየር መንገዳችን ቦይንግ 737 ማክስ አውሮፕላን ከቦሌ በወጣ በስድስት ደቂቃው ቢሾፍቱ አጠገብ ቱሉ ፈራ ላይ ወድቆ 157 ሰው አለቀ። በደወልኩልዎ ጊዜ ድምፅዎ ተዘግቶ፣ «ልጆቹን ማንም እንዳይወቅስብኝ፤ መጀመሪያ የምርመራው ወረቀት ይውጣ» ነበር ያሉኝ። ልጆቹ ያሏቸው አብራሪዎቹን ነው። ካፒቴን ያሬድ ጌታቸው 29 ዓመቱ ነበር፣ ረዳቱ አህመድኑር መሐመድ 25። አሜሪካ ውስጥ ግን ወረቀቱ ሳይወጣ ጣት የቀሰሩባቸው አልጠፉም።

ይህን ፊልም የወደድኩት ወረቀቱን ስለሚያወጣ ነው። የሚነሣው ከኢንዶኔዢያው አደጋ ነው፤ ጥቅምት 19 ቀን 2011 ያው ዓይነት የላየን ኤር አውሮፕላን ጃቫ ባሕር ውስጥ ገብቶ 189 ሰው ያለቀበት። ከዚያ ወደኛው እስኪደርስ አምስት ወር እንኳን አልሞላም። በመካከሉ ማን ምን ያውቅ እንደነበር አንድ በአንድ ይዘረግፈዋል።

የማሽኑን ነገር ለእርስዎ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ቢሆንም እኔ እንደገባኝ ልጻፍልዎት፣ የተሳሳተ ካለ ያርሙኛል። 737 ድሮ ሲነደፍ ሞተሩ ቀጭን ስለነበር አካሉ ለመሬት የቀረበ ነው። ኤርባስ ነዳጅ ቆጣቢውን ኤ320 ኒዮ ይዞ ሲመጣ፣ ቦይንግ አዲስ አውሮፕላን ነድፎ ዓመታት ከመጠበቅ ይልቅ በዚያው አሮጌ አካል ላይ ትልልቅ ሞተር ሰቀለበት። ከክንፉ ሥር ቦታው ስላልበቃ ሞተሩ ወደፊትና ወደላይ ወጣ፤ በዚህም የተነሣ አንዳንድ ጊዜ አፍንጫው ከሚገባው በላይ ቀና ማለት ይፈልጋል። ለዚህ መላ ተብሎ ኤምካስ የሚባል ሶፍትዌር ገባ። አፍንጫው በዝቶ ቀና ብሏል ብሎ ሲያምን፣ አብራሪውን ሳይጠይቅ ስታቢላይዘሩን፣ ያንን ጅራቱ ላይ ያለውን ትንሽ ክንፍ፣ አንቀሳቅሶ አውሮፕላኑን ቁልቁል ይደፋዋል። አብራሪው ሲያቀናው ቆይቶ እንደገና ይደፋዋል። እንደገና።

እና አባባ፣ ይህ ሁሉ የሚታዘዘው ከአንድ ሴንሰር ነው። አውሮፕላኑ ላይ ሁለት አሉ፤ ኤምካስ የሚሰማው አንዱን ብቻ ነው። እርስዎ ለግቢያችን በር እንኳን ሁለት ቁልፍ የሚያሠሩ ሰው ይህን ሲሰሙ ምን እንደሚሉ ይታየኛል። አብራሪዎቹም እስከ ኢንዶኔዢያው አደጋ ድረስ እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን አያውቁም ነበር፤ ማንዋላቸው ውስጥ የለም። ለምን ቢሉ፣ አዲስ ነገር አለ ከተባለ ሲሙሌተር በሚባለው በረራን በሚያስመስል ማሽን ላይ ሥልጠና ይታዘዛል፣ ሥልጠና ደግሞ ገንዘብ ነው። ቦይንግ ለአንድ የአሜሪካ አየር መንገድ፣ ለሳውዝዌስት፣ አብራሪዎቹ ሲሙሌተር የሚያስፈልጋቸው ከሆነ በያንዳንዱ አውሮፕላን 1 ሚሊዮን ዶላር ሊቀንስለት ውል ገብቶ ነበር። ላየን ኤር ራሱ ሲሙሌተር ሥልጠና ልስጥ ብሎ ሲጠይቅ፣ አያስፈልግም ብለው ያግባቡት የቦይንግ ሰዎች በጓዳ በተጻጻፉት መልእክት ጅሎች እያሉ ተሳልቀውበታል። አንዱ ሠራተኛማ ስለዚሁ አውሮፕላን «የነደፉት ቀልደኞች፣ የነሱም አለቆች ዝንጀሮዎች» ብሎ ጽፏል። እርስዎ ሳይፈርሙ ከሃንጋር ያልወጡ ሰው ነዎት፤ ይህን መስመር ሳነብ የታወሱኝ እርስዎ ነዎት።

ከሁሉ ያንገበገበኝ ግን ሌላ ነው። ከኢንዶኔዢያው አደጋ በኋላ የአሜሪካ አቪዬሽን መሥሪያ ቤት የራሱን ስሌት ሠርቶ ነበር፦ ሶፍትዌሩ ካልተስተካከለ በአውሮፕላኑ ዕድሜ ወደ 15 የሚሆን ተጨማሪ አደጋ ሊደርስ ይችላል የሚል። ያንን ይዘው አውሮፕላኑን አላቆሙትም። የኛዎቹ ከሞቱ በኋላ እንኳን እኛና ቻይና በማግሥቱ ስናቆም፣ አሜሪካ ያቆመችው ከሞላ ጎደል ሌላው ዓለም ሁሉ ካቆመ በኋላ ነው።

የማልወድለትም አለው። ወረቀቱ ራሱ እያለቀሰ ሳለ ከሥር ሙዚቃ ይለቁበታል። አብዛኛው ጊዜም የሚያልፈው አሜሪካ ውስጥ ነው፤ የምክር ቤቱ ምርመራ፣ ጋዜጠኞቹ፣ የቀድሞ የቦይንግ ሠራተኞች። ጥፋቱ የተሠራው እዚያ ስለሆነ ይገባኛል። ቢሆንም ካሜራው ማሳው መካከል የወደቀበት የጊምቢቹ ገበሬ ዘንድ ረጋ ብሎ ቢቀመጥ፣ ቦሌ ሃንጋር ገብቶ እንደ እርስዎ ያለ አንድ መካኒክ ቢያናግር ምን ነበረበት? እዚያ ቢገቡ ኖሮ ከዚህ ከኤክስፐርቶቹ ግማሹ ባላስፈለጋቸው።

ይህን ፊልም ብቻዎን አይዩት። እህቴ እቤት ባለችበት ቀን፣ በቀን ብርሃን ይዩት።

ሁለተኛው «ዘ ሬድ ሲ ዳይቪንግ ሪዞርት» ነው፤ እሱን ይዝለሉት። ልጆቹ ስለ ቤተ እስራኤል ነው ብለው ሊከፍቱልዎት ይችላሉና አስቀድሜ ላስጠንቅቅዎት ብዬ ነው። ታሪኩ በመሠረቱ እውነት ነው፦ ሞሳድ ሱዳን ውስጥ ቀይ ባሕር ዳር አሩስ የምትባል የባሕር መዝናኛ ተከራይቶ፣ ቀን ቀን ፈረንጅ ቱሪስት እያስተናገደ ሌሊት ሌሊት ከካምፕ የመጡ ወገኖቻችንን በጀልባ ያሻግር ነበር። ከዚህ የበለጠ የፊልም ታሪክ ከየት ይመጣል! እነሱ ግን ናሚቢያና ደቡብ አፍሪካ ሄደው ቀርጸው፣ አንድ የሆሊውድ መልከ መልካም መካከል አቁመው፣ የኛን ሰዎች ከኋላው እንደ ጓዝ አሰለፏቸው። ይራመዳሉ፣ ይሸሸጋሉ፣ ይጫናሉ። የሚናገሩት ከቁጥር አይገባም።

ይህን መንገድ ከከፈቱት ዋናው ፈረደ አክሉም ነበር፤ መምህር የነበረ፣ ሱዳን ተሰዶ ከዚያ ሆኖ ደብዳቤ እየጻፈ ለሺህዎች መውጫ ያበጀ ሰው። በሱ ሕይወት ላይ ተመሥርቶ የተጻፈው ሰው ፊልሙ ውስጥ ከበደ ተብሏል፤ የተጫወተው አሜሪካዊ ጎበዝ ተዋናይ ነው፣ ግን ምን ያድርግ፣ የሚለው ነገር አልሰጡትም። ይህ ሰው አገር ሲለቅ ምን አስቦ እንደነበር፣ ካምፕ ውስጥ ማን ማንን እንዴት እንደሚያምን፣ ሌሊት የሚሄዱትን ማን እንደሚመርጥ፣ አንዱም አይነገርዎትም። በመንገድና በሱዳን ካምፖች ያለቁት ወደ 4,000 ይገመታሉ፤ በዚህ ፊልም ግን ልብዎ የሚንጠለጠለው ፈረንጁ ይያዝ ይሆን ብሎ ነው።

ጎንደር አጠገብ ያለችውን፣ ቤተ እስራኤል ይኖሩባት የነበረችውን ወለቃን አስታወሰኝ። ክረምት ክረምት ጎንደር ስንወርድ እማማ ጀበናና ምጣድ የምትገዛባት ሴትዮ ትዝ ይሉኛል፤ ጀበናውን በጥፍራቸው መታ መታ አድርገው ድምፁን ካላሰሙን አይሸጡልንም ነበር። አንድ ዓመት ስንሄድ ቦታቸው ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦ አገኘን። ብጠይቅዎ «ሄዱ» አሉኝና ነገሩን ዘጉት። ዘመኑ እንዲህ ያለ ወሬ በልጅ ፊት የሚወራበት አልነበረም። የሳቸውን መንገድ የሚያሳየኝ ፊልም ቢመጣ ሦስት ሰዓት ይሁን አራት፣ ቁጭ ብዬ አየዋለሁ።

ለዚህ ማካካሻ የሚሆን አንድ አለ፤ አዲስ ባይሆንም። የኃይሌ ገሪማ «ሳንኮፋ»። የእርስዎው ጎንደሬ፣ የእርስዎው ዘመን ሰው። ፊልሙ በ1985 ነው የወጣው፤ ያኔ የአሜሪካ አከፋፋዮች አንፈልገውም ስላሉት ሰውየውና ባለቤቱ ራሳቸው ሲኒማ እየተከራዩ ከከተማ ከተማ አዞሩት፣ ሕዝቡም እየተሰለፈ አየላቸው። ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ መስከረም 2014 ላይ ታድሶ ኔትፍሊክስ ላይ ወጣ። እዚህ ዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት በዚሁ ስም የከፈቱት የመጽሐፍና የቡና ቤት አላቸው። መደርደሪያው እስከ ጣሪያ መጽሐፍ ነው፤ የእኔ ትልቁ ልጅ እዚያ ከገባ አይወጣም።

ፊልሙ ስለ ባርነት ነው። ጋና ባሕር ዳር ካለው የባሪያ ንግድ ምሽግ ይነሣና አንዲት የዘመናችንን ሞዴል መልሶ ወደ ሸንኮራ እርሻ ይወረውራታል። ይከብዳል፤ ነፍሰ ጡር ሲገርፉ የሚያሳይበት ቦታ አለ፣ እዚያ ጋ ተነሥተው ሻይ ያፍሉ። አንዳንዱ ቦታ እንደ ቴአትር ንግግር ይበዛበታል፣ ይንዛዛልም። ግን ያኛው ፊልም የጎደለውን እዚህ አየሁት፤ በባርነት የተያዙት ሰዎች እርስ በርስ ይከራከራሉ። አንዱ ጅራፍ ያዝ ተብሎ የገዛ ወገኑን ይገርፋል፣ ሌላው በቄሱ ትምህርት ናላው ዞሮ የገዛ እናቱን ይክዳል፣ ደግሞ የሚያምፁ አሉ። የሚያድናቸው ሰው ከውጭ አይመጣም። ክፉውም ደጉም፣ ፈሪውም ጀግናውም ከመካከላቸው ነው፤ ለዚህ ነው ሰው የሚመስሉት።

እንቅልፍ እምቢ ለሚልዎት ሌሊት ደግሞ አንድ ቀለል ያለ አለ፤ «ማይ ኦክቶፐስ ቲቸር»። ሚያዝያ 2013 ላይ ኦስካር ያገኘ ነው። አንድ የደቡብ አፍሪካ ሰው ኬፕታውን አጠገብ በዚያ በረዶ በመሰለ ባሕር ከብርድ የሚከላከለውን የጠላቂ ልብስ ሳይለብስ በየቀኑ እየጠለቀ፣ ከአንዲት ኦክቶፐስ ጋር አንድ ዓመት ያህል ይወዳጃል። ሰውየው ስለ ራሱ ብሶት ሲያወራ ድምፁን ይቀንሱት፤ ምንም አይቀርብዎትም። እሷን ግን ይመልከቱልኝ። ሻርክ ሲያሳድዳት የባሕር ዛጎሉን ሁሉ በእጆቿ ለቅማ ገላዋ ላይ ለጥፋ ድንጋይ ትሆናለች። አንዱን እጇን ሻርክ ቆርጦባት ጎሬዋ ገብታ ስትማቅቅ ሰውየው ቆሞ ያያል፤ ማገዝ ነበረበት አልነበረበትም ብለን እኔና ባለቤቴ እኩለ ሌሊት ድረስ ተጨቃጨቅን። እኔ ጣልቃ ባለመግባቱ እስማማለሁ። እጁ ግን ቀስ እያለ እንደገና ይበቅላል! መጨረሻው ያሳዝናል፣ እንቁላሏን ጥላ ስትጠብቅ ነው የምትሞተው፤ አስቀድመው ይወቁት።

የቱርክ ድራማዎን አልነካብዎትም። ግን በእግዚአብሔር፣ ያቺ ሴትዮ ሰውየውን ይቅር ብላ ብላ መቼ ነው የምታበቃው?

አሁን አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ፊልሙም አልመለሰልኝ፣ እዚህም የሚያስረዳኝ አጣሁ። የመጀመሪያው የምርመራ ሪፖርት እንደሚለው እነ ያሬድ ቦይንግ ያዘዘውን አድርገው የስታቢላይዘሩን ኤሌክትሪክ አጥፍተዋል። ከዚያ ስታቢላይዘሩን የሚያንቀሳቅሰውን በእጅ የሚዞር ጎማ ለማዞር ቢሞክሩ አልዞር አለ። ፍጥነቱ ከፍ ሲል አየሩ ስለሚጫነው ነው ይላሉ። እርስዎ ያንን ጎማ ሃንጋር ውስጥ በእጅዎ ያዞሩት ሰው ነዎት። መሬት ላይ ሳለ ስንት ጊዜ ቢዞር ነው ስታቢላይዘሩ የሚነቃነቀው? ያኔስ ለአብራሪዎቹ አየር ላይ ሊከብድ እንደሚችል ይነገራቸው ነበር? የሚያውቁትን ለእህቴ ልጅ ይንገሩትና በድምፅ ቀድቶ ይላክልኝ፤ ራስዎ እንዲጽፉ አላስቸግርዎትም።

መድኃኒቱን ጠዋት ጠዋት ነው፣ ከምግብ በኋላ። ለእህቴም ለሁሉም ሰላምታዬ ይድረስልኝ።

አክባሪ ልጅዎ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ