ቢጫ የሆነን አራስ የመስኮት ፀሐይ አያድነውም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

አራስ ሕፃን ቢጫ ሲሆን «ፀሐይ አሙቁት፣ ይለቀዋል» የሚለው ምክር ዛሬም ከሐኪም ይቀድማል። በጨቅላ ሕፃናት ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝና ይህ ምክር ያዘገያቸውን ሕፃናት ሳይ ያመኛል።

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ እንግሊዝ ውስጥ በሮችፎርድ ሆስፒታል ጂን ዋርድ የተባሉ ነርስ ፀሐይ ያገኘው የሕፃን ቆዳ ቢጫነቱ እንደሚቀንስ ማስተዋላቸው እውነት ነው። ሕክምና የሆነው ግን ከዚያ በኋላ የተሠራው መብራት ነው። የመብራቱ ሰማያዊ ብርሃን ቢሊሩቢን የተባለውን፣ ቆዳን ቢጫ የሚያደርገውን ንጥረ ነገር በቆዳ ውስጥ ቅርጹን ይለውጠዋል፤ ያኔ ጉበት ሳይደክምበት በሐሞትና በሽንት ይወጣል። የመስኮት ፀሐይ ግን መጠኑ አይታወቅም፤ ሕፃኑን ሊያቃጥለው ወይም ሊያበርደው ይችላል።

በመብራቱ ሥር ሕፃኑ ዳይፐርና የዓይን መሸፈኛ ብቻ አድርጎ ይተኛል። እናቶች አንጀታቸው አልችል ብሎ ጨርቅ ጣል ያደርጉበታል፤ ብርሃኑ ግን የሚሠራው ባረፈበት ቆዳ ላይ ብቻ ነው። ጡት ማጥባት አይቋረጥም። ቆዳው ቶሎ ስለሚጠራ፣ ሕክምናው የሚያበቃው በደም ምርመራ እንጂ በዓይን ግምት አይደለም።

በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢጫ የሆነ፣ ወይም መጥባት አቅቶት የሚያንቀላፋ ሕፃን ለነገ አይባልም። ቢሊሩቢን አንጎልን ከጎዳ ጉዳቱ ዕድሜ ልክ ሊዘልቅ ይችላል። እባካችሁ ይህን ደጋግማችሁ ጻፉልን።

አንዲት የጨቅላ ሕፃናት ነርስ